አርባ ዓመት ያገለገለው ሰው

ፌብሩዋሪ 7፣ ቅዳሜ

ዛሬ ኤፍራታን ኬልሶ ኮሌጅ አስገባናት። ወንድሜ አቢሶ ፍራሽዋንና ሻንጣዋን በባኪው፣ ማለትም በፒክአፕ መኪናው፣ ጭኖ፣ ሱቁን ዘግቶ፣ ሱቁ ካለበት የድሆች ሰፈር ከኦሬንጅ ፋርም ድረስ መጣ። ቅዳሜ ቀን ሱቅ መዝጋት ለእርሱ ምን ማለት እንደሆነ ስለማውቅ ነገሩን አቅልዬ አላየሁትም።

የኮሌጁ ኃላፊ ፕሮፌሰር ሃርግሪቭስ በር ላይ ቆመው አዲስ ገቢዎችን ይቀበሉ ነበር። አቢሶ ባዶ እጁን ሰው ደጅ የሚረግጥ ሰው አይደለም፤ ከባኪው ላይ አንድ ከረጢት ስኳር አውርዶ በሁለት እጁ አቀረበላቸው። ፕሮፌሰሩ ስኳሩን አዩ፤ እኔን አዩ፤ እንደገና ስኳሩን አዩ። «እንዴት ደስ ይላል፣ ኤርጎ» አሉና ለጥበቃው አሳለፉት። ከኋላ የቆሙ ሁለት ወላጆች በዓይን ተጠቃቅሰው ፈገግ አሉ። ፈገግታቸው ቀፈፈኝ። ይበልጥ የቀፈፈኝ ግን እኔ ራሴ ከረጢቱን በአካሌ ለመሸፈን አንድ እርምጃ ወደ ፊት መራመዴ ነው።

አቢሶ ምንም አልተሰማው። መኪናው ዘንድ ስሸኘው እየሳቀ፣ «ሰውየው እርጎ ነው እንዴ የሚሉሽ?» አለኝ።

«ኤርጎ ነው የሚሉኝ። ኤርጎጌ ማለት ስለሚከብዳቸው ማሳጠራቸው ነው።»

«እንግዲህ ልጄን ለእርጎ አደራ ሰጠሁ በይኛ!» ብሎ ከት አለ። ከዚያ ሳቁን አቁሞ እጁን በራሷ ላይ ጫነና ጸለየ። ኤፍራታ፣ «አባዬ፣ ሰው እያየ ነው» ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

ሁኔታውን በትክክል ላስፍር። የኮሌጁን የመቶ ዓመት ታሪክ እንድጽፍ የተዋዋልሁት አምና ነው። የኤፍራታ ነጻ ማደሪያና ምግብ በውሉ ውስጥ የለም፤ እኔ ጠይቄ ፕሮፌሰሩ በቃል ፈቅደዋል፤ ስለዚህ በቃልም ሊያነሡት ይችላሉ። እስከ ትናንት የምታድረው ከሱቁ ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ነበር። አምና ሱቁ ሲዘረፍ ከማቀዝቀዣው ኋላ ተኮራምታ አንድ ሌሊት አሳልፋለች። ከዚያ ወዲህ አቢሶ ለሌላ ጉዳይ ሲጸልይ ሰምቼው አላውቅም።

ፌብሩዋሪ 11፣ ረቡዕ

ምዕራፍ ሁለት ተጠናቀቀ።

ወደ መመገቢያ አዳራሹ በሚወስደው መተላለፊያ ግድግዳ ላይ በየዓመቱ የተነሡ የማኅበር ፎቶግራፎች ተሰቅለዋል። ተማሪዎቹ መካከል ላይ፣ የወጥ ቤት ሠራተኞቹ ዳርና ዳር ናቸው። ሠራተኞቹ ነጭ ቁምጣና አንገቱ ላይ ቀይ ጥለት ያለው ነጭ እጀ ጠባብ ለብሰዋል፤ ያን ጊዜ በዚህ አገር ወንድ የቤት ሠራተኛ እንዲለብሰው ይደረግ የነበረው ነው። አዋቂ ሰው የልጅ ልብስ ለብሶ ሲቆም ማየት ደስ አይልም። እኔ ግን የመጣሁት ለጽሑፉ ነበር። ከየፎቶግራፉ ሥር የተጻፈውን ስም ሁሉ ገልብጬ በዓመት ቅደም ተከተል አሰናዳሁ።

ተማሪ ሦስትና አራት ጊዜ ታይቶ ይጠፋል። ከሠራተኞቹ አንዱ፣ ሲክስፔንስ የተባለው፣ አርባ ዓመት ያህል ሳይጎድል አለ። ሲክስፔንስ የድሮ የእንግሊዝ ሳንቲም ነው፤ ስሙን አሠሪዎቹ ያወጡለት መሆኑ ግልጽ ነው። ስለ እርሱ እንዲህ ጻፍሁ፦ «ኃላፊዎች ተሾሙ፣ ተሻሩ፤ ተማሪዎች ገቡ፣ ወጡ፤ አንድ ሰው ግን ከስፍራው አልተነቃነቀም። የኬልሶን ታሪክ በአንድ ሕይወት ለመናገር የሚሻ ሰው ከሲክስፔንስ ሕይወት የተሻለ አያገኝም።»

ጥቂት ስሜት የበዛበት መሰለኝ። ተውሁት።

ፌብሩዋሪ 20፣ ዓርብ

ኤፍራታ ምሳ ሰዓት ላይ ቢሮዬ መጣች። ክብደት ጨምራለች፤ ጥሩ ነው። እንቅልፍም ይወስዳት ጀምሯል፤ ከሁሉ የሚሻለው እርሱ ነው።

«አንቲ፣ ኤፕሪል ላይ የስም እራት አለ። ፈርስት ይር የሆንን ሁላችን እናስተናግዳለን።»

ልማዱን እንዲህ አስረዳችኝ። አዲስ ገቢዎቹ ነጭ ቁምጣና ቀይ ጥለት ያለው ነጭ እጀ ጠባብ ለብሰው ለነባሮቹ ምግብ ያቀርባሉ። የነባሮቹ ኮሚቴ ለእያንዳንዳቸው «የወጥ ቤት ስም» ያወጣላቸዋል። ዓመቱን ሙሉ ደወል ተደውሎ በዚያ ስም ሲጠሩ አቤት ማለት አለባቸው። በሚቀጥለው ዓመት ማደሪያ ማን እንደሚያገኝ የሚወስነውም ያው ኮሚቴ ነው።

«የማይፈልግ ሰው ቢኖርስ?» አልኋት።

«ማን ነው የማይፈልገው? ሪላክስ በይ፣ አንቲ። ፈን ነው። ብላክ፣ ዋይት፣ ሁሉም ነው የሚለብሰው።»

የጠላሁት ልብሱን ብቻ እንደሆነ ለራሴ ነገርሁት። ልማዱን ለምዕራፍ ስድስት መዘገብሁ። ሻይ የምታመጣልኝ ሴትዮ ገብታ ስኒውን አስቀምጣ ወጣች።

ማርች 3፣ ማክሰኞ

ፕሮፌሰሩ ጠሩኝ። ምዕራፍ ሁለትን አንብበዋል፤ የኮሌጁ ቦርድም አንብቧል። አዲሱ የመመገቢያ አዳራሽ ሲክስፔንስ አዳራሽ ተብሎ ይሰየማል። የነሐስ ሰሌዳ ይሠራለታል፤ ሰሌዳው ላይ የእኔ አንቀጽ ይቀረጻል፤ የሚመረቀውም በስም እራቱ ዕለት ነው።

«መቶ ዓመት ሙሉ የጎደለንን ሰው አገኘሽልን፣ ኤርጎ» አሉኝ። ሼሪ የሚባለውን የወይን ጠጅ ቀዱልኝ። ጠዋት ነበር፤ ጠጣሁ።

ደስ አለኝ። ይህን የማሰፍረው ለትክክለኛነት ነው።

ማርች 12፣ ሐሙስ

ከሰዓት በኋላ ሚስተር ፔንድልተንን ለማነጋገር በከተማው ሰሜን ወዳለ የአረጋውያን መኖሪያ ሄድሁ። በሕይወት ካሉት የኮሌጁ ምሩቃን አንጋፋው ናቸው። ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ፣ ፊት ለፊታቸው ጃም የተቀባ ስኮን፣ ማለትም ትንሽ የቅቤ ዳቦ፣ ቀርቦላቸው ነበር። ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ራግቢው፣ ስለ ጭፈራው ተጫወትን። በመጨረሻ ስለ ሲክስፔንስ የሚያስታውሱት ካለ ጠየቅኋቸው።

«የትኛው ሲክስፔንስ?» አሉኝ።

አልገባኝም።

«በእኔ ጊዜ ብቻ ሁለት ነበሩ። አንደኛው ረጅም ነበር። ታመመና ወደ አገሩ ላኩት። ከዕረፍት ስንመለስ ሌላ ሲክስፔንስ ሾርባ ይዞ ቆሟል። አጭር!» ሳቁ። ሲስቁ የስኮኑ ፍርፋሪ ብርድ ልብሱ ላይ ረገፈ። «ስሙ የሥራው ነው፣ ውዴ። ሾርባ የሚያቀርበው ሲክስፔንስ ነው፤ ጫማ የሚጠርገው ጂም ነው። ሰው በተለወጠ ቁጥር አዲስ ስም መለማመድ አድካሚ ነበር።»

«እውነተኛ ስማቸውስ?»

«አጭሩ አንድ ቀን ነግሮኝ ነበር። ረጅም ነገር ነው።» ጣታቸውን ላሱ። «የስም እራቱን ጉድ ሰምተሻል? እኛ ነን የጀመርነው! አዲስ ገቢዎቹን የእነርሱን ልብስ አለበስናቸው፣ የእነርሱን ስም ሰጠናቸው። ያን ዕለት እውነተኞቹ ሲክስፔንስና ጂም ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው ያዩ ነበር። እንዴት ሳቅን መሰለሽ! እነርሱም ስቀዋል። ይመስለኛል።»

አመሰገንሁ። መቅረጫዬን ዘጋሁ። ሁለተኛ ስኮን አቀረቡልኝ። ተቀበልሁ፤ በላሁትም። ታክሲ ውስጥ ጃሙ ጥርሴ ላይ ቀርቷል።

ማርች 13፣ ዓርብ

መተላለፊያው። ሰው ሳይመጣ።

የመጀመሪያው ጆሮው ተለጥፏል። ሁለተኛው ረጅም፣ ትከሻው ያዘመመ። ሦስተኛው አጭር፤ ልብሱ ሰፍቶት እጀታው ተጠቅልሏል። አራተኛው ከሁሉም በዕድሜ ያንሳል። አምስተኛው ካሜራውን አያይም።

ቢያንስ አምስት ናቸው። ለማየት ዕውቀት አያስፈልግም፤ ዓይን ይበቃል። ከሥራቸው የተጻፈውን ሁሉ አነበብሁ፤ አንዱንም ፊት አላየሁም። አምስት ሰዎችን ለአርባ ዓመት ታማኝነት አመስግኜ አንድ ሰው አደረግኋቸው። ይህን ያደረገው ፔንድልተን ቢሆን አይገርመኝም ነበር።

ለማንም አልተናገርሁም። አንድ የቃል ምስክርና የደበዘዙ ፎቶግራፎች ሙሉ ማስረጃ አይሆኑም። ማጣራት ያስፈልጋል።

ማርች 15፣ እሑድ

ከአምልኮ በኋላ ከአቢሶ ጋር ወደ ሱቁ ሄድን። በብረት መረቡ በኩል አንዲት ሴት ደጋግማ ትጣራለች፦ «ጆን! ጆን! ዳቦ!»

አቢሶ ዳቦውን ሰጥቷት ተመለሰ።

«ጆን ማን ነው?» አልሁት።

«እኔ ነኛ!»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ሱቁን ከምሕረቱ ስገዛ ስሙንም አብሬ ገዛሁ። ምሕረቱም ጆን ነበር፤ እርሱም ከሌላ ሰው ነው የወረሰው።» ሳቀ። «ሱቁ ነው ጆን። እኔ ውስጡ የምቀመጠው ሰው ነኝ።»

«አይከብድህም?»

«ምኑ ይከብደኛል? ጆን ሲሉኝም ያው ዳቦ ነው የሚገዙት። አንቺን እርጎ ሲሉሽ ደመወዝሽ ይቀነሳል እንዴ?»

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርሁት። ሳያቋርጥ ሰማኝ፤ የሚዛኑን ሳህን በጨርቅ ይወለውል ነበር። ስጨርስም መወልወሉን አላቆመም።

«ሰዎቹ ሞተዋል አይደል?»

«ይመስለኛል።»

«ስማቸውን ጌታ ያውቀዋል። አንቺ ደግሞ የኤፍራታን ስም ታውቂያለሽ።» ጨርቁን አስቀመጠ። «ስሚ፣ ኤርጎጌ። ያን ግቢ አጥሩን አይቼዋለሁ። ልጄ እዚያ ከገባች ወዲህ ሌሊት ኮሽ ሲል እነሣና ግማሽ መንገድ ላይ እመለሳለሁ። ክፍሏ ባዶ ነዋ! እሰይ ብዬ ተመልሼ እተኛለሁ። ይገባሻል?»

«ይገባኛል፣ ጋሼ።»

«አትጻፊ አላልሁም። ጻፊ። እርሷ ከተመረቀች በኋላ ጻፊ።»

ሐሳቡ ምክንያታዊ ነው። ከአፉ ሲወጣ አስጠላኝ። ያስጠላኝ እኔ ቀድሜ ያሰብሁት ስለሆነ መሰለኝ።

ማርች 24፣ ማክሰኞ

በጥድፊያ። ከፕሮፌሰሩ ጋር ቀጠሮ ነበረኝ። ስለ መጽሐፉ ፎቶግራፎች መጠን ተነጋገርን። ሰሌዳው ለቀራጩ ተልኳል። ሲያወሩ ከንፈራቸው ጥግ ላይ የእንቁላል አስኳል ደርቆ ነበር፤ ከዚያ ሌላ ነገር ማየት አልቻልሁም። «ሌላ የምትነግሪኝ አለ?» አሉ። «ለጊዜው የለም» አልሁ።

ጊዜው አልተመቸም።

ማርች 31፣ ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ዋልሁ። «አንድ ሰው ግን ከስፍራው አልተነቃነቀም» የሚለውን፣ «በዚህ ስም የሚታወቀው የአገልግሎት መንፈስ ግን ከስፍራው አልተነቃነቀም» በሚል ተካሁት። ቴክኒካዊ ስሕተት የለበትም። ማንም ሊከሰኝ አይችልም።

ጮክ ብዬ አነበብሁት። እጄን ታጠብሁ። ሰረዝሁት። የድሮውን መለስሁት።

ለሻይዋ ሴትዮ ዛሬ ሻይ እንደማልፈልግ ነገርኋት። አምጥታ አስቀመጠችው፤ ለሁሉም እንድታመጣ ታዝዛለች መሰለኝ።

ኤፕሪል 9፣ ሐሙስ

በሬን ሳታንኳኳ ገባች።

«አንቲ! የሰጡኝን ስም ገምቺ!»

አልገመትሁም። ፊቷን አይቼ ገብቶኛል።

«ሲክስፔንስ! የአንቺን ሰውዬ ስም! ኮሚቴው ተከራክሮ ነው የሰጠኝ። በአዳራሹ ምረቃ ቀን እኮ ነው፤ ሃይ ቴብሉን፣ የፕሮፌሰሩን ገበታ፣ የማስተናግደው እኔ ነኝ።» ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ቻፕተሩን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። አርባ ዓመት፣ አንቲ! አባዬን ነው ያስታወሰኝ። ለአባዬም በስልክ አነበብሁለት።»

«ምን አለሽ?»

«ጎበዝ ነሽ፣ ትምህርትሽን ተማሪ አለኝ። ታውቂው የለ።»

አሁን ልነግራት እችል ነበር። በሩ ተዘግቷል፤ ሰው የለም፤ ከስምንት ቀን በኋላ ያንን ልብስ ለብሳ ትቆማለች። ያልነገርኋት ምርመራው ስላላለቀ ነው። አንድ ነገር ሳይረጋገጥ ለወጣት ልጅ መንገር ኃላፊነት የጎደለው ተግባር ነው።

«እንኳን ደስ አለሽ» አልኋት።

ሻዩ መጣ። ኤፍራታ ብድግ ብላ ትሪውን ተቀበለች። «ዱሜላንግ፣ ማ ዲኬሌዲ» ብላ በአገሬው ቋንቋ ሰላምታ ሰጠቻት፤ ሁለቱ ስለ አንድ የታመመ ሰው ጥቂት አወሩ። ሲለያዩ ተቃቀፉ።

የሴትዮዋ ስም ዲኬሌዲ ነው። እስካሁን ለመጠየቅ አጋጣሚ አላገኘሁም ነበር።

ኤፕሪል 18፣ ቅዳሜ

የትናንቱን በሥርዓቱ ልጻፍ።

ከፍ ባለው ገበታ፣ በፕሮፌሰሩ ቀኝ አስቀመጡኝ። በግራቸው የክብር እንግዳው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነበሩ፤ ሚስተር ፔንድልተን። መጋበዛቸውን አላወቅሁም። አዳራሹ የተጠበሰ በግና አዲስ ቀለም ይሸታል። በነባሮቹ ጭብጨባ መካከል አዲስ ገቢዎቹ ሾርባ ይዘው ተሰልፈው ገቡ። ነጭ ቁምጣ። ቀይ ጥለት። ከአንዳንዶቹ ብብት ሥር የስፌቱ ክር ይታያል፤ ልብሱ ከዓመት ዓመት ተጣጥፎ ስለሚቀመጥ የብል መድኃኒት ይሸታል። ነጮቹም ጥቁሮቹም ልጆች ይስቁ ነበር። በየገበታው ደወል እየተደወለ «ጂም!»፣ «ታይገር!»፣ «ዊስኪ!» ይባላል። አቤት፣ አቤት ይላሉ።

ፕሮፌሰሩ ትንሿን የብር ደወል ወደ እኔ አስጠጉ። «የመጀመሪያው ጥሪ የደራሲዋ ነው» አሉ። ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

ደወልሁ። «ሲክስፔንስ» አልሁ።

ድምፄ ጥሩ ነበር፤ ግልጽና የተረጋጋ። ኤፍራታ ፈገግ ብላ መጣች። ጉልበቷ አመድ መስሏል፤ ቅባት አልተቀባችም። ውኃ ቀዳችልኝ፤ ስታልፍ በክርኗ ነካ አደረገችኝ፤ በልጅነቷ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳቅ ሲይዛት እንደምታደርገው።

ከዚያ ፕሮፌሰሩ መጋረጃውን ስበው ከሰሌዳው ላይ አነበቡ፦ «...አንድ ሰው ግን ከስፍራው አልተነቃነቀም...»

«አንድ ሰው?» የሚስተር ፔንድልተን ድምፅ ነው። ጆሮአቸው ስለደከመ የሚናገሩት በጩኸት ነው። «የትኛው? እኔ ራሴ ሁለቱን አውቃለሁ! ለዚህች ለኤርጎ ነግሬያታለሁ። አንዱ ሲሄድ ሌላውን በዚያው ስም እንጠራዋለን። እንደ ድመት!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፕሮፌሰሩም ሳቁ። አሮጌው ሰው በጭብጨባው ተበረታተው የስም እራቱን አጀማመር ተረኩ፤ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው ያዩ የነበሩትን ሰዎች ሳይቀር።

ኤፍራታ የውኃውን ጆግ እንደያዘች ቆማለች። እርሳቸውን አላየችም። እኔን ነው ያየችው። ጎንበስ ብላ በአማርኛ፣ በዝቅተኛ ድምፅ፦

«አክስቴ፣ ታውቂ ነበር?»

አንቲ አላለችኝም።

«እያጣራሁ ነበር» አልኋት።

ጆጉን አስቀመጠች። ቀይ ጥለት ያለውን እጀ ጠባብ አወለቀች፤ ከሥሩ የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ከናቴራ ነበር። እጀ ጠባቡን በሱቅ መደርደሪያ ላይ እንደሚቀመጥ አድርጋ አጣጠፈችው፤ ክንዱን ወደ ውስጥ፣ አንገቱን ወደ ላይ። ሾርባዬ አጠገብ አኖረችው። በወጥ ቤቱ በር ወጣች። ብዙዎች የዝግጅቱ አካል መስሏቸው አጨበጨቡ።

እኔ እስከ ጣፋጩ ድረስ ተቀምጬ ነበር።

ኤፕሪል 19፣ እሑድ

አቢሶ ደወለ።

«ምን አልሻት? ሻንጣዋን ይዛ በታክሲ መጣች። ከሱቁ ጀርባ ተኝታለች።»

«ምንም አላልኋትም።»

«እርሷም እንደዚያው ነው ያለችኝ» አለና ስልኩን ዘጋው።

ኤፕሪል 21፣ ማክሰኞ

ፕሮፌሰሩ ዘንድ ገብቼ ሰዎቹ ቢያንስ አምስት መሆናቸውን ነገርኋቸው። የሥራ መልቀቂያ ቃል አዘጋጅቼ ነበር። አላስፈለገም።

«ፊትሽ ምን ሆኗል፣ ኤርጎ? ድንቅ ምሽት ነበር! አምስት መሆናቸው እኮ ከአንድ ይበልጣል። ሰው አይደለም፤ ባህል ነው! ሰሌዳው እንዳለ ይቆያል፤ ከሥሩ አንዲት ማብራሪያ እንጨምራለን።»

«ቀደም ብዬ ብነግርዎ ኖሮስ?»

«ቀደም ብለን እንስቅ ነበር።»

«የወንድሜ ልጅ...»

«ክፍሏ ክፍሏ ነው። ማን ውጪ አላት? ኮሚቴውም ትንሽ ድራማ ይወዳል። ስሜቷ ሲበርድ ትመለስ።»

ሼሪ ቀዱ። አልጠጣሁም፤ ይህ እንደ ጀግንነት እንዳይቆጠርልኝ።

ማርች ላይ ብናገር ምንም አይደርስባትም ነበር። ሰዎቹ የሚደብቁት ነገር የለም፤ የሚያፍሩበትም የለም። ምሥጢሩን የጠበቅሁላቸው እኔ ብቻ ነኝ። ይህ ከሾርባው፣ ከደወሉ፣ ከሽማግሌው ጣት ይበልጥ አንገሸገሸኝ።

ኤፕሪል 23፣ ሐሙስ

ምዕራፍ ሁለትን እንደገና ጻፍሁ። «ቢያንስ አምስት ሰዎች በዚህ ስም ተጠርተዋል። ስማቸውን አናውቅም። ኮሌጁ አልጠየቃቸውም፤ የዚህ መጽሐፍ ጸሐፊም ፊታቸውን ሳታይ ስለ እነርሱ ጽፋለች። የስም እራቱ መቀለጃ ያደረገው እነርሱኑ ነው፤ ዛሬም ይቀልዳል።» ላክሁት።

በአንድ ሰዓት ውስጥ መልስ መጣ፦ «ግሩም። ልብ የሚነካ። ለእራቱ ፎቶግራፍ አንድ ሙሉ ገጽ እንስጠው።»

ኤፍራታ ስልኳን አታነሣም።

ኤፕሪል 25፣ ቅዳሜ

ኦሬንጅ ፋርም ስደርስ ሱቁ ፊት ሰው ተሰልፏል። አቢሶ ዕቃ ሊያመጣ መሀል ከተማ ሄዷል። ከመረቡ በስተጀርባ ያለችው ኤፍራታ ናት፤ ጸጉሯን በሻሽ አስራለች፤ ከሰዎቹ ጋር በዙሉ ቋንቋ ትቀላለዳለች። በጎን ወዳለው በር ሄጄ አንኳኳሁ።

«አክስቴ፣ ሰልፍ አለ» አለችኝ፣ ፊቷን ሳታዞር።

ተሰለፍሁ። ክፍሏ እንዳለ መሆኑን፣ ማንም እንዳላስወጣት፣ የሚቀጥለው ወር የፈተና ወር መሆኑን ልነግራት በቅደም ተከተል አዘጋጅቼ ነበር። ከፊቴ ያሉት እየቀነሱ ሄዱ። የመረቡ ቀዳዳ ላይ ስደርስ ያዘጋጀሁት ጠፋኝ።

«ዳቦ» አልሁ።

ዳቦውን አወጣች። «ሌላስ?» አለችኝ፣ ማንኛውንም ደንበኛ እንደምትጠይቅ።

«አውቅ ነበር» አልሁ። «ማርች ላይ ነው ያወቅሁት። ማጣራት አልነበረም። ፈርቼ ነው።»

ከኋላዬ አንዱ «ሃው፣ ማማ!» ብሎ አጉረመረመ።

«አባዬ ነግሮኛል» አለች። «የመጣሁ ዕለት። ቁጭ አደረገኝና እኔም አውቅ ነበር አለኝ። ሳልጠይቀው።» ዳቦውን በቀዳዳው ገፋችልኝ። ዓይኗ ቀይ አይደለም፤ ድምፅዋም አይንቀጠቀጥም። «አንቺን ግን ጠይቄሽ ነበር።»

ከዚያ በትከሻዬ ላይ አሻግራ ወደ ቀጣዩ ሰው ተመለከተች። ሰውየው ቦታዬን ያዘ፤ ስሟን ጠርቶ ሰላምታ ሰጣት፤ እርሷም በስሙ መለሰችለት።

ዳቦውን ይዤ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ሄጄ እንደገና ተሰለፍሁ።